«ልጄ ሌሊት ቢያማት ማንን ትቀሰቅሳለች?»
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ወሬያቸው አንድ ነው፤ አዳሪ ትምህርት ቤት። ከአጋሮ፣ ከዴዶ፣ ከሊሙ፣ አንዳንዴም ከወልቂጤ ይመጣሉ። ጅማ ውስጥ በአንዲት ትንሽ አዳሪ መሰናዶ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሳስተምር ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። ማታ ማታ ደግሞ የሴቶቹን ማደሪያ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ወደ እኔ ቢመጡ አይገርመኝም። ዛሬ ስድስቱን እመልሳለሁ። አንዳንዱ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

«ይድረስ ለመምህርት፦ ልጄ 16 ዓመቷ ነው። 10ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳ፣ ጅማ ያለ አነስተኛ አዳሪ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተናውን አለፈች። እኔ ደስ ብሎኛል። አባቷ ግን ‹ሴት ልጅ ከቤት ውጭ አታድርም› ብሎ ቁጭ አለ። እውነት ለመናገር እኔም ሌሊት ሌሊት ሐሳብ ይይዘኛል። ትምህርት ቤቱን ሄጄ ሳይ ምን ልጠይቅ? ክፍያው መስከረም ላይ ነው፤ የእኛ ገንዘብ ደግሞ የሚገኘው ቡና ሲሸጥ ነው። — የአጋሮዋ እናት»

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለዎት። ልጅዎ ሠርታ ያገኘችው ነው።

ሲሄዱ የርእሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ሻይ ጠጥተው እንዳይመለሱ። ቤተ ሙከራውን ያሳዩዎታል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የምስክር ወረቀትም ያሳዩዎታል። ጥሩ ነው፣ ይዩት። ከዚያ «ማደሪያውን ልይ» ይበሉ። የሚሄዱት በሥራ ቀን ይሁን፤ በምሳ ሰዓት ደርሰው ትምህርት እስኪያልቅ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ድረስ ይቆዩ። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ በሙሉ መልኩ ይታያል።

ማደሪያው ውስጥ ስንት አልጋ በአንድ ክፍል እንዳለ ይቁጠሩ። መስኮቱ ይከፈታል? በሩ ከውስጥ ይዘጋል? ሽንት ቤቱን ራስዎ ገብተው ይዩት፤ አይፈሩ። መዝጊያው የሚዘጋ ነው? ውሃ ሲጠፋ ምን ያደርጋሉ? ሮቶ አላቸው ወይስ ልጆቹ ጀሪካን ይዘው ወንዝ ይወርዳሉ? የወር አበባ ሲመጣባት ሞዴስ የምታገኘው ከማን ነው? የተጠቀመችበትንስ የምትጥለው የት ነው? ይሄን ጥያቄ አባቶች አይጠይቁትም፣ ርእሰ መምህራንም ሳይጠየቁ አይናገሩትም። ልጅዎ ግን በየወሩ ትኖረዋለች። በዚህ ምክንያት ብቻ በየወሩ ከክፍል የሚቀሩ ልጆች አውቃለሁ።

ከዚያ አንዲት ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ልጄ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ቢያማት ማንን ትቀሰቅሳለች?» መልሱ ቶሎ ከመጣ፣ «እሷ ናት፣ እዚሁ ሕንፃ ላይ ነው የምታድረው» ብለው ሴትዮዋን ካሳዩዎት፣ ግማሹ ጭንቀትዎ ይቅለልልዎ። «ዘበኛ አለ» ካሉዎት ግን ዘበኛው በር ላይ ነው ያለው። እንደ እኔ፣ ሴት ተቆጣጣሪ አብራ በማታድርበት ማደሪያ ልጄን አላሳድርም።

የምግብ ዝርዝር የሚባለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። እሱን አይመኑ። ልጆቹ ሳህናቸውን ሲመልሱ ምን እንደተረፈ ይመልከቱ። ሽሮው ሁሉ ከተመለሰ ወጥ ቤቱ ችግር አለበት። ልጅ የሚበላው አጥቶ በብስኩትና በለስላሳ ሲያድር ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ይተኛል፤ አስተማሪው ደግሞ ሰነፍ ነው ይላል።

ትንሽ ትምህርት ቤት የምወድበት ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ልጅ መደበቂያ የለውም። ምሳ ያልበላችው ትታወቃለች። ለሦስት ቀን ዝም ያለችው ትታወቃለች። ትልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ዝምተኛ ልጅ ወር ሙሉ ሲጨነቅ ማንም ላያይ ይችላል። ግን ትንሽነት ጣጣም አለው። ከጓደኛዋ ብትጣላ የምትሸሽበት ሌላ ክፍል የለም። የሂሳብ አስተማሪው በዓመቱ መሃል ቢለቅ ተተኪ የለም። ስለዚህ ሂሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የሚያስተምሩት እነማን እንደሆኑ፣ ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንዳሉ ይጠይቁ። አስተማሪ በየዓመቱ የሚቀያየርበት ቤት ምንም ያህል ቢያምር አይጣፍጠኝም።

ስለ ባለቤትዎ፦ አይከራከሯቸው፣ ይዘዋቸው ይሂዱ። አጋሮና ጅማ ቅርብ ነው፤ ሄዶ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል። ከላይ ያልኳቸውን ጥያቄዎች እሳቸው ይጠይቁ። የአባት ፍርሃት ውሸት አይደለም፣ መልስ የሚፈልግ ፍርሃት ነው። በሩን፣ ተቆጣጣሪዋን፣ የመውጫና የመግቢያ ሰዓቱን በዓይናቸው አይተው ሐሳባቸውን የቀየሩ አባቶች ብዙ ናቸው። አይተው ያልቀየሩም አሉ። አንዳንዴ እነሱም ትክክል ነበሩ፤ ትምህርት ቤቱ በእርግጥም የሚያስፈራ ነበር።

ክፍያውን በተመለከተ ከመመዝገብዎ በፊት ይነጋገሩ። መስከረም ላይ የተወሰነ፣ ቀሪውን ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ልክፈል ይበሉ። በቡና አገር ያለ ትምህርት ቤት ቀይ እሸት መቼ እንደሚለቀም ያውቃል። የተስማማችሁትን በወረቀት ያስፍሩት። አደራ የምልዎት ግን፣ ለመስከረም ክፍያ ብለው ቡናውን ገና ዛፉ ላይ እያለ ለነጋዴ በርካሽ እንዳይሸጡት። እንዲያ አድርገው የከሰሩ ወላጆች አሉ፤ የልጁ የሁለተኛ ሴሚስተር ክፍያ ከየት ይመጣል?

አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደውላ ታለቅሳለች። ብዙ ጊዜ የሚያለቅሱት ሲመሽ ነው፤ ቀን ላይ ይጫወታሉ። «ነይ ተመለሺ» አይበሏት፣ «ምን ያስለቅስሻል» ብለውም አይቆጧት። የስልክ ቀን ቆርጣችሁ ተነጋገሩ፣ እሑድ ከሰዓት ለምሳሌ፣ ያንን ቀን ደግሞ አያጥፉ። ናፍቆት ቀስ እያለ ይቀላል። የማይቀል ከሆነ፣ መብላት ካቆመች፣ ወይ ደግሞ የአንድ ሰው ስም ሲነሣ ድምጿ ከተለወጠ፣ እሑድን አይጠብቁ። በማግስቱ ይሂዱ።

«መምህርት፣ የመጣሁት ከዴዶ ነው። እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ነው የተማርኩት። እስከ 10ኛ ክፍል ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ። እዚህ አዳሪ ስገባ ግን ከ42 ተማሪ 35ኛ ወጣሁ። ደብተሬን ደጋግሜ አነባለሁ፣ ሌሊትም አጠናለሁ፤ ፈተና ላይ ሁሉም ይጠፋብኛል። ለአባቴ መናገር አፈርኩ። ወደ ድሮ ትምህርት ቤቴ ልመለስ? — የ11ኛ ክፍል ተማሪ»

አትመለስ ልጄ።

አስበው እስኪ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያላችሁት አብዛኞቻችሁ ከየመጣችሁበት አንደኛ ወይም ሁለተኛ ነበራችሁ። አንደኞች ተሰብስበው ሲፈተኑ አንዱ የግድ 35ኛ ይወጣል። ያ ሰው ትናንት የነበረው ጭንቅላት ዛሬም አለው። ደረጃህን ተወውና ነጥብህን ንገረኝ። ፊዚክስ ላይ በመጀመሪያው ፈተና ስንት አመጣህ? በሁለተኛውስ? ከ45 ወደ 52 ከሄድክ እየወጣህ ነው፤ ደረጃህ ቢቆምም እየወጣህ ነው። ደረጃን ግድግዳ ላይ መለጠፍ በማስተማር ዘመኔ ሁሉ ተቃውሜዋለሁ፤ ዛሬም እቃወማለሁ። የመጨረሻዎቹን አሥር ልጆች አሳፍሮ ማንንም ጎበዝ አያደርግም።

አሁን ወደ ጥናትህ። ደብተር ደጋግሞ ማንበብ የሚያታልል ነገር አለው። ሦስተኛ ጊዜ ስታነበው ዓይንህ ለመደው፤ «ይሄን አውቀዋለሁ» ትላለህ። መልመድና ማወቅ ግን ለየቅል ናቸው። እንዲህ አድርግ። አንድ ርዕስ አንብብና ደብተሩን ዝጋ። ባዶ ወረቀት አውጣና የምታስታውሰውን ሁሉ ጻፍ። ሥዕሉን ሣል። ከዚያ ደብተሩን ክፈትና የጎደለውን በቀይ እስክርቢቶ ሙላ። ያንኑ ርዕስ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ እንደገና በባዶ ወረቀት ጀምር። መጀመሪያ ላይ ግማሹ ይጠፋብሃል፤ አትደንግጥ። ለማስታወስ ስትታገል ነው ትምህርቱ የሚሰምጠው። ሌሊቱን ሙሉ ከማንበብ አንድ ሰዓት እንዲህ መሥራት ይበልጣል።

ፊዚክስ ላይ ደግሞ የተሠራ ምሳሌ አትገልብጥ። መልሱን በወረቀት ሸፍነህ ራስህ ሞክረው። አንዲት ጥያቄ ልስጥህ፣ ለተማሪዎቼ ሁሉ እሰጣት ነበር። ኳስ በሴኮንድ 20 ሜትር ቬሎሲቲ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተወረወረ። ግራቪቲን 10 አድርገህ ያዝ። ስንት ሜትር ይወጣል? ፎርሙላ የሸመደደ ሁሉ 20 ሜትር ይላል፤ ልክ ነው። ጫፍ ላይ ሲደርስ ቬሎሲቲው ስንት ነው? ዜሮ። ይሄንንም ይመልሱታል። አክስለሬሽኑስ፣ ቬሎሲቲው የሚቀየርበት መጠን ማለት ነው? እዚህ ላይ ክፍሉ ግማሽ በግማሽ «ዜሮ» ይላል። ዜሮ ቢሆን ኖሮ ኳሱ እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። ጫፍ ላይም ቢሆን ያው 10 ነው፣ ወደ ታች ነው። ይሄን ያወቀው ፎርሙላ የሸመደደው ሳይሆን ኳሷ ለምን ተመልሳ እንደምትወርድ ያሰበው ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና እንዲህ ያለውን ይወዳል።

ቋንቋው እንደሚከብድህ ገብቶኛል። 9ኛ ክፍል ላይ ድንገት ሁሉም ትምህርት ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ጎበዝ የሚባሉት ይደናገጣሉ። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ትምህርቱ ላይ ሳይሆን ጥያቄው ላይ ነው። የድሮ ፈተናዎችን ሰብስብና የሚደጋገሙትን ቃላት ትንሽ ደብተር ላይ አስፍር፤ «ኤክሴፕት»፣ «ኮንስታንት»፣ «ኔግሊጀብል» የሚሉትን ማለቴ ነው። አንዷን «ኤክሴፕት» ሳያይ አልፎ የሚያውቀውን ጥያቄ የሚስት ተማሪ ስንት አለ መሰለህ። ሐሳቡን ግን በአፋን ኦሮሞ አስበው፣ ከአገርህ ልጅ ጋር በአፋን ኦሮሞ ተከራከርበት፣ ሲገባህ በእንግሊዝኛ ጻፈው። በራስህ ቋንቋ ማሰብ ማንንም አያሳፍርም።

አብሮህ የሚያጠና ሰው ፈልግ። ለአሥር ተሰብስባችሁ አንዱ እያወራ ሌላው የሚያንቀላፋበትን አላልኩም፤ ሁለት ወይ ሦስት ትበቃላችሁ። አንተ ባዮሎጂ አስረዳው፣ እሱ ሂሳብ ያስረዳህ። ስታስረዳ የማታውቀው ቦታ ወዲያው ይታወቅሃል፤ አፍህ ይያዛል። ክፍል የጨረሰ አስተማሪህንም በር ላይ ያዘው። ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው ያለኸው፣ አስተማሪው ግቢ ውስጥ ወይም አጠገቡ ነው የሚኖረው። እኔ ከእራት በኋላ ሦስት ልጆች ጥያቄ ይዘው ካልመጡ ያ ቀን ጎደሎ ይመስለኝ ነበር።

ለአባትህ ደግሞ ዛሬ ደውልለት። ደረጃውን ንገረው፣ ነጥቡንም ንገረው፣ ምን እየቀየርክ እንደሆነም ንገረው። ከሌላ ሰው ከሚሰማው ካንተ ቢሰማው ይሻላል።

«ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አንዱን አዳሪ ለማስገባት አስቤአለሁ። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶ የሚያልፍ ተማሪ ጥቂት ነው ይባላል፣ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ግን ሁሉም ያልፋሉ ይባላል። ባለኝ ሁሉ ልክፈል? — ከወልቂጤ፣ አባት»

ወንድሜ፣ ቁጥሩ እውነት ነው። የ2014 ተፈታኞች ጥቅምት 2015 ላይ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። ከዚያ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሰ። አዳሪ ትምህርት ቤቶች በእነዚህ ዓመታት ከሌላው በጣም የተሻለ ውጤት እንዳመጡ ሁላችንም ሰምተናል።

ነገር ግን አዳሪ ትምህርት ቤት ማንን ነው የሚቀበለው? ፈትኖ፣ መርጦ፣ ጎበዞቹን ነው። ጎበዝ ተቀብለህ ጎበዝ ብታወጣ ሁሉም ያንተ ሥራ አይደለም። ይሄን ስል ሥራቸውን ለማቃለል አይደለም። ራሴ ሠርቼበታለሁ፤ ማታ የጥናት ሰዓት፣ ቅርብ አስተማሪ፣ መብራትና ጠረጴዛ ለአንድ ልጅ ምን እንደሚያደርጉ አይቻለሁ። ቤቱ ውሃ ሲቀዳና ከብት ሲጠብቅ የሚመሽበት ልጅ እዚያ ገብቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲያጠና ውጤቱ ይቀየራል። ማታ የሚያጠናበት ጠረጴዛና ጸጥታ ቤቱ ላለው ልጅ ግን ለውጡ ያን ያህል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ «ሁሉም ያልፋሉ» የሚልዎትን ትምህርት ቤት «11ኛ ክፍል ስንት ተቀበላችሁ፣ 12ኛ ክፍል ስንት አስፈተናችሁ?» ብለው ይጠይቁት። ደካማ ናቸው ያላቸውን በመሃል እያስወጣ ቁጥር የሚያሳምር ትምህርት ቤት አለ። እሱ ልጅዎን አይጠብቅልዎትም።

አንድ ጥቅም ግን ሰዎች ሲያነሡት አልሰማም። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አድሮ የሚሰጥ ከሆነ ወዲህ፣ ከቤቱ ወጥቶ አድሮ የማያውቅ ልጅ በማያውቀው አልጋ ላይ እንቅልፍ አጥቶ ይፈተናል። አዳሪ ተማሪ ይሄን ለምዶታል። ወረፋ ይችላል፣ ከማያውቀው ልጅ ጋር አንድ ክፍል ማደር ይችላል፣ የበላውን በልቶ ይገባል።

ለነገሩ አዳሪ ተማሪ ለጅማ አዲስ አይደለም። ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጅ የሆነው በፈረንጆቹ 1952 የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሆኖ ሲጀመር ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ወጣቶች እዚሁ እያደሩ ነበር የሚማሩት። ከተማዋ የሰው ልጅ ማሳደር ትችልበታለች።

ባለዎት ሁሉ ግን አይክፈሉ። ሁለተኛው ልጅዎም ይማራል። መጀመሪያ የመንግሥትና የክልል ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶችን የመግቢያ ፈተና ያስፈትኑት። ካለፈ ብዙ ወጪ ይቀርልዎታል።

«12ኛ ክፍል ነኝ። አራት ሰዓት መብራት ይጠፋል። የዶርም ልጆች ቅዳሜ ሲወጡ ጫት ደብቀው ያስገባሉ፣ በሞባይል መብራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያጠናሉ። ‹ምርቃና ላይ ያነበብኩት አይጠፋኝም› ይላሉ። እኔ ስተኛ ወደ ኋላ የቀረሁ ይመስለኛል። ምን ትመክሪኛለሽ?»

ተኛ ልጄ። በደንብ ተኛ።

ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ነገር አለ። አንጎልን የሚያነቃቃ ነው፣ አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ይቀራረባል። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ለዚህ ነው ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ ትኩሱን ሊያደርስልህ የሚሮጠው። እንቅልፍ ያባርራል፣ ረሃብ ያጠፋል፣ ሁሉን የሚያውቅ ያስመስላል። ምርቃናው ሲወርድ ግን ድብርት ነው። ጓደኞችህን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሂሳብ ክፍል ውስጥ አስተውላቸው፤ ቁርስ አልበሉም፣ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው አይገባቸውም። ሌሊት አገኘነው ያሉትን ጠዋት እየከፈሉ ነው።

ቀን ያጠናኸው ትምህርት አንጎልህ ውስጥ የሚደላደለው ተኝተህ ሳለ ነው። በአንተ ዕድሜ ያለ ሰው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። አራት ሰዓት መብራት ጠፍቶ አሥራ ሁለት ሰዓት ደወል ሲደወል ልክ 8 ሰዓት ነው። የመብራቱን ሰዓት ያወጣው ሰው ሊያሰቃያችሁ አይደለም። ጊዜ ካነሰህ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥ፣ ግን ማታ ሦስት ሰዓት ተኛ።

ልጆቹን ልክሰሳቸው ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም፤ ግን እዚያው የምታድር ልጅ ስለሆንክ ይጨንቅህ ይሆናል። መጀመሪያ ለጓደኛህ ራስህ ንገረው፣ ለብቻው፣ ሰው ፊት ሳይሆን። መተው ካቃተው የምታምነው አስተማሪ ጋ ሂድና «እርዱት» በል። ጥሩ ተቆጣጣሪ ልጁን ከማባረሯ በፊት ታነጋግረዋለች። እኔ በዚህ ጉዳይ ቸኩሎ ማባረርን አልደግፍም፤ ከግቢ የተባረረ ልጅ የሚሄደው በቀጥታ ጫት ቤት ነው።

«አሰላሙ አለይኩም መምህርት። ልጄ የሚማርበት አዳሪ ትምህርት ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም አብረው ያሉበት ነው። ረመዳን ሲመጣ ሱሁር እንዴት ይበላል? እየጾመስ መማር ይችላል? — ከሊሙ»

ወአለይኩም ሰላም አባቴ። ይችላል፤ ሲችሉ ኖረዋል። ቁልፉ ወጥ ቤቱ ነው። ረመዳን ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት ሄደው የሱሁር ሰዓት እንዳለ፣ ወጥ ቤት የሚነሣ ሰው እንዳለ ያረጋግጡ። ከማታ የተረፈ ቀዝቃዛ እንጀራ ለሱሁር አይሆንም። ገንፎ፣ ቴምር፣ እንቁላል፣ ብዙ ውሃ ያስፈልገዋል። የማታ ጥናት ከኢፍጣርና ከሶላት በኋላ ቢጀመር፣ ስፖርት ደግሞ በዚያ ወር ቢቀል ብለው ለትምህርት ቤቱ ይንገሩ። አብዛኛው ጅማ ያለ ትምህርት ቤት ይሄን ያውቀዋል።

በ2017ና በ2018 ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተደራርበው ነበር። ለወጥ ቤት ይሄ ሸክም ሳይሆን እፎይታ ነው፤ የምስር ሳምቡሳና ሥጋ የሌለበት ሾርባ ለሁለቱም ይሆናል። ልጆቹ ሰዓታቸው ቢለያይም ከአንድ ድስት ይበላሉ። ከሌላ እምነት ልጅ ጋር አንድ ክፍል ማደር ልጅዎን ከሃይማኖቱ አያወጣውም፤ እንዲያውም ለሱሁር የሚቀሰቅሰው ያ ክርስቲያን ጓደኛው ሊሆን ይችላል። እኔ ባደርኩበት ማደሪያ ነበር እንዲያ። የታመመ ቀን ግን እንዳይጾም እርስዎ ራስዎ ይንገሩት። ከአባቱ ሲሰማው ይቀበላል።

«ልጄ ጅማ አዳሪ ሊገባ ነው፤ እኛ አዳማ ነው የምንኖረው። ምን ምን ላዘጋጅለት?»

ጅማ ዝናብ ናት፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። መስከረም ሲጠባም አይቆምም። ስለዚህ ከአዳማ ሰው ሐሳብ ትንሽ ይለያል። ሁለት ጫማ የግድ ነው፤ አንዱ ሲረጥብ አንዱ ይደረጋል። ካልሲና የውስጥ ሱሪ ደጋግመው ይያዙለት፣ ልብስ ቶሎ አይደርቅም። ጃኬቱ ዝናብ የማያስገባ ይሁን። ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ሁለት አንሶላ፣ አጎበር። አጎበሩን አይርሱ፤ ጅማ ከፍታዋ 1,780 ሜትር ገደማ ነው፣ ወባ አለ። አልጋው ተደራራቢ ከሆነ አጎበሩ እንዴት እንደሚሰቀል ቀድመው ይጠይቁ፤ ለታችኛው አልጋ የሚሆነው ለላይኛው አይሆንም።

ሳፋ፣ ሳሙና፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ነጠላ ጫማ። ደህና ቁልፍ ከሁለት መክፈቻ ጋር፤ አንዱ መክፈቻ ተቆጣጣሪው ጋ ይቀመጥ። በሶና ቆሎ ይስጡት፣ ትንሽ ጭኮም ቢሆን፤ ግን የሚያካፍለው ያህል ይሁን፣ ዶርም ውስጥ ብቻውን የሚበላ ልጅ ጓደኛ አያገኝም። ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ያድርጉት፤ አይጥና ጉንዳን አለ። የኪስ ገንዘብ አያብዙበት። ስማርት ስልክ ትምህርት ቤቱ ከከለከለ ደብቀው አይስጡት፤ ልጁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሕግ ማፍረስ ያስተምሩታል።

ከመሄዱ በፊት ደግሞ ልብስ ማጠብ፣ ቁልፍ መትከልና አልጋ ማንጠፍ ያስተምሩት። ወንድ ልጅ ነው ብለው እንዳይተዉት። ስሙን በእያንዳንዱ ልብሱ ውስጥ በማይለቅ ቀለም ይጻፉበት፤ ገመዱ ላይ የአርባ ልጅ ካልሲ አንድ ላይ ነው የሚሰጣው።